መብራት ላሳይሽ

ልጅ ሆነን ከሚሴ ውስጥ የምናውቀው የመብራት ትርኢት አንድ ብቻ ነበር፤ ጠፍቶ የቆየ መብራት ሲመጣ። ማታ ድንገት ድርግም ይላል። እናቴ ኩራዝ ትለኩሳለች፣ አባቴ ሬዲዮውን በባትሪ ያደርገዋል፣ እኛ ልጆቹ ሙቀቱን ሽሽት ደጅ እንወጣለን። አንድ ሰዓት ይቆይ ሦስት ሰዓት አይታወቅም። ከዚያ መጀመሪያ በአስፋልቱ በኩል ያሉት ቤቶች፣ ቀጥሎ የመስጊዱ ሚናራ፣ ቀጥሎ የእኛ ሰፈር ብልጭ ይላል። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ በአንድ አፍ «መጣ!» ብሎ ይጮኻል። እንድንጮኽ ያስተማረን ሰው የለም። መብራት እኛ ዘንድ እንደ ዘመድ ነው፤ ይጠፋል፣ ሲመለስ ደግሞ «መጣ» ተብሎ በእልልታ ይገባል።

ይህ ነገር ትዝ ያለኝ በታኅሣሥ 2018 ነው። ታናሽ እህቴ ደወለችና «እሑድ አዲስ አበባ እገባለሁ፤ ኤጀንሲው ለሜዲካል ጠርቶኛል» አለችኝ።

ሳዑዲ ልትሄድ ነው። በእኛ በኩል ይህ ብርቅ ወሬ አይደለም። ሰፈራችን ውስጥ አዲስ ቆርቆሮ የለበሰ ቤት ካያችሁ፣ ዓረብ አገር ያለች ልጅ አለች ማለት ነው ብላችሁ ብትገምቱ ብዙ አትሳሳቱም። የእኔ እህት ስትሆን ግን ከበደኝ። 20 ዓመቷ ነው። በ2016 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። እሷ ከቀሪዎቹ ውስጥ ናት። «እንደገና ተፈተኚ» ስላት «እሺ፣ ከዚያስ?» አለችኝ። እኔ በኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ኮድ እየጻፍኩ የምኖር፣ በወር አንዴ ብር ልኬ «ደረሰ?» ብዬ የምጠይቅ ወንድም ነኝ። ለ«ከዚያስ» መልስ አልነበረኝም።

መልስ በሌለኝ ነገር ላይ ሁልጊዜ የማደርገውን አደረግሁ። እቅድ አወጣሁ።

እቅዱ እንዲህ ነበር። ልጅቷ ከምትመጣበት ሳምንት ገና ነው፤ ረቡዕ ታኅሣሥ 29። ከተማው በመብራት ያበደበት ሰሞን። እሷ ደግሞ ከቲክቶክ የምትልክልኝ ቪድዮ በሙሉ የዱባይ ፏፏቴ፣ የሪያድ መንገድ፣ ሰማይ የነካ ፎቅ ነው። መብራት ከሆነ የሚስባት መብራት እዚህም አለ አልኩ። የኤክሴል ሠንጠረዥ ከፈትኩ። ቦታ፣ ሰዓት፣ ታክሲ ወይም እግር፣ «ዋው» ከ10። ቦሌ መንገድ 7። መስቀል አደባባይ 8። ዓድዋ መታሰቢያ 9። አሁን ሳስበው ያሳፍራል። ሰው በነጥብ አገሩ ይቀራል ብዬ ነበር መሰለኝ።

እሑድ ማታ ላምበረት መናኸሪያ ተቀበልኳት። ከከሚሴ አዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ካራቆሬን፣ አጣዬን፣ ሸዋ ሮቢትን አልፎ ጣርማበርን ሲወጡ ቆላው አልቆ ብርዱ ይጀምራል። የአዲስ አበባ ታኅሣሥ ምን እንደሚመስል ማንም አልነገራትም መሰለኝ፣ በስስ ሻርፕ ነው የመጣችው። ትከሻዋ ላይ ጥቁር ቦርሳ አንግታለች። «ልያዝልሽ» ስላት «አብሽር፣ አይከብድም» አለችኝ። ያ ቦርሳ ሁለቱንም ምሽት ከትከሻዋ አልወረደም። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ሰኞ ሜዲካሉን ጨረሰች። ማክሰኞ፣ በገና ዋዜማ፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ቦሌ ድልድይ አካባቢ ጉብኝታችንን ጀመርን።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ በአዲስ አበባ የገና መብራት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የድሮው ነው። ጽድ ወይም የላስቲክ ዛፍ ላይ የሚጠመጠም፣ ከመርካቶ የሚገዛ፣ ቀይ አረንጓዴ እያለ የሚጠቅስ፣ አንዳንዱ ቀጭን ዘፈን የሚያንጫርር ክር። በየካፌው መስኮት፣ በየሞባይል ቤቱ፣ በየፀጉር ቤቱ አለ። ሁለተኛው ከ2016 ጀምሮ ከኮሪደር ልማቱ ጋር የመጣው ነው። ከአራት ኪሎ በመስቀል አደባባይ አድርጎ እስከ ቦሌ ኤርፖርት የሚወርደው መንገድ ከመጀመሪያዎቹ ውስጥ ነው። የሕንፃ ጠርዝ፣ የዘንባባ ግንድ፣ የድልድይ ሆድ፣ የእግረኛ መንገዱ ሳይቀር ይበራል። ይሄኛው በዓል አይጠብቅም። ዓመቱን ሙሉ ገና ነው።

«ይሄ ሁሉ ለገና ነው?» አለችኝ።

«ግማሹ።»

«እኛ ማየት እንችላለን አይደል?» ብላ ሳቀች። ሁለታችንም ሙስሊም ነን።

«መብራት ነው የምታዪው፣ አብሽር።»

ሕንፃው ላይ ቀለም እንደ ውሃ ሲወርድ እያየች እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችኝ። ደስ አለኝ፣ ይሄ የእኔ ሜዳ ነው። እያንዳንዷ አምፖል ውስጥ ትንሽ ቺፕ እንዳለች ነገርኳት። ከመቆጣጠሪያው ረጅም የቁጥር ሰልፍ ይላካል። የመጀመሪያዋ አምፖል ከሰልፉ ፊት የራሷን 24 ቢት ታነሳለች፤ 8ቱ ለቀይ፣ 8ቱ ለአረንጓዴ፣ 8ቱ ለሰማያዊ። የተረፈውን ለጎረቤቷ ታሳልፋለች። ጎረቤቷም የራሷን አንስታ ታሳልፋለች። እንዲህ እየተባለ እስከ መጨረሻዋ ይደርሳል።

«መጨረሻዋ ጋ ሳይደርስ ቢያልቅስ?»

«አያልቅም። ተቆጥሮ ነው የሚላከው።»

«ማነው የሚቆጥረው?»

«ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው።»

«እህ» አለች። ሌላ ነገር አላለችም። ከሚሴ በዚያ ሳምንት መብራት በየማታው እየጠፋ እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት።

መስቀል አደባባይ ስንደርስ ለእናቴ በቪድዮ ደወልን። ደረጃው ላይ ወጥተን ስልኩን ዙሪያውን አዞርኩት። ኔትወርኩ አልሸከመውም፣ እናቴ የምታየው ነጭ ጭጋግ ነው። በኦሮምኛ «ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለች። መብራት ነው አልናት። «ታዲያ ማን ይሠራበታል?» ማንም፣ ለማየት ነው አልናት። ትንሽ ዝም አለችና «አላህ ይጨምርላችሁ፤ ብርድ እንዳይመታት ጋቢ አልብሳት» ብላ ዘጋችው።

አልቀልድም፣ መስቀል አደባባይ በዚያ ምሽት ያምር ነበር። ነጭ የለበሱ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሌሊቱን ለማደር ይሄዳሉ። ልጆች የሚበራ ጆሮ ያለው ጌጥ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ይሮጣሉ። ፎቶ አንሺዎቹ «አንድ ፎቶ፣ አሁን በስልክ እልካለሁ» እያሉ ይከተሉናል። እህቴ 40 ያህል ፎቶ ተነሳች። በልቤ ነጥብ እቆጥራለሁ። 8 የነበረውን 9 አደረግሁት። አንድ ጊዜ ስለ ሕዳሴ ግድብ እንኳ አነሳሁባት። ጳጉሜ 4፣ 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት ነው፣ ነገሩ ሁሉ ይለወጣል አልኳት። አባታችን የገዛት የቦንድ ወረቀት እስካሁን ሳጥን ውስጥ አለች። «እሷንማ በየጊዜው አውጥቶ ያያታል» አለች። አሁንም ሌላ ነገር አላለችም።

ከመስቀል አደባባይ ሽቅብ በእግር ወጣን። የአፍሪካ አዳራሽን አልፈን ወደ ቀኝ፣ ወደ ካዛንቺስ ታጠፍን። ሠንጠረዤ ላይ ካዛንቺስ የለም። እግሬ ነው የታጠፈው።

ካዛንቺስ አራት ዓመት ኖሬያለሁ። ስሙ ከጣሊያን ወረራ ዘመን የቀረ ነው። ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት የሚሠራው ድርጅት ምሕፃሩ ኢንቺስ ነበር፣ ቤቶቹ «ካዜ ኢንቺስ»፤ የእኛ ሰው ካዛንቺስ አለው። እኔ የኖርኩት ጣሊያን በሠራው ቤት ሳይሆን ከኋላ በተቀጠለች አንዲት ክፍል ነው። ጭቃ ቤት፣ የግቢ ሽንት ቤት፣ ሦስት በአራት። አከራዬን ሁሉም ሰው «እትዬ» ይላቸዋል፣ እኔም እትዬ እላቸው ነበር። እሳቸው ደግሞ «ወሎዬው» ይሉኛል። ያኔ የምሠራው ለውጭ ደንበኛ ስለነበር ከቢሮ የምወጣው አምስት ስድስት ሰዓት ሌሊት ነው። እትዬ የግቢውን አምፖል እኔ ሳልገባ አያጠፉም ነበር። ቆጣሪ የሚከፍሉት እሳቸው ናቸው። አንድ ቀን «እትዬ፣ በስልኬ መብራት እገባለሁ፣ ያጥፉት» ስላቸው «ካጠፋሁትማ መግባትህን በምን አውቃለሁ?» አሉኝ። ስገባ አጠፋዋለሁ፤ ሲጠፋ ካልጋቸው ሆነው ያዩና ይተኛሉ። ነገሩ ለእኔ ሳይሆን ለእሳቸው ነበር የሚበራው።

በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለልማቱ ተነሣ። እትዬ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ እኔ ሲኤምሲ ጓደኛዬ ዘንድ ገባሁ። ዕቃ ስንጭን «ትመጣለህ አይደል?» አሉኝ። «በሳምንቱ!» አልኩ።

አሁን ከእህቴ ጋር እዚያው ቆሜ ግቢያችን የቱ ጋ እንደነበር መለየት አቃተኝ። ሰፊ መንገድ፣ ሣር፣ አግዳሚ ወንበር፣ የብስክሌት መስመር፣ በየአምስት እርምጃው መብራት። ለመለየት ብዬ ከዋናው መንገድ ጀምሮ እርምጃ ቆጠርኩ፤ ድሮ ከታክሲ ወርጄ 140 እርምጃ ነበር። 140ኛው ላይ ሣሩ ውስጥ አንድ የሚበራ ክብ ኳስ አለ። ያምራል። የሚያምር መሆኑ ነው የቸገረኝ። አስቀያሚ ቢሆን መናደድ ይቀል ነበር።

ለእህቴ ነገርኳት፤ አምፖሉን፣ ቆጣሪውን፣ ሁሉንም።

«አሁን የት ናቸው?»

«አራብሳ።»

«ሄደህ ጠየቅሃቸው?»

የስልክ ቁጥራቸው ስልኬ ውስጥ አለ። ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥራ በዛ፣ አራብሳ ሩቅ ነው፣ ምናምን። ለእህቴ ግን ከነዚህ አንዱንም መናገር አልቻልኩም። ዝም አልኩ።

«ነገ ገና አይደል?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ አራት ኪሎም ፒያሳም ሄደናል። በየካቲት 2016 የተመረቀውን የዓድዋ ድል መታሰቢያን ከውጭ አይተናል፣ ግንቡ ላይ ብርሃን ሲወርድ። 9 የሰጠሁት ቦታ ነው። እኔ ግን የማስበው ነገ ምን ብዬ እንደምደውል ነበር።

በጠዋት ደወልኩ። «እንኳን አደረሰዎ እትዬ፣ እኔ ነኝ፣ ወሎዬው።» ወቀሳ ጠበቅሁ። «በስንት ሰዓት ትደርሳለህ?» ብቻ አሉኝ። እህቴም አብራኝ እንዳለች ስነግራቸው «ታዲያ ምን ታስወራኛለህ፣ ዶሮ ላስፈልግበት» ብለው ዘጉት።

ከመገናኛ ወደ አራብሳ ያለውን መንገድ በመብራት መንገር ይቻላል። መገናኛ ቀን ይመስላል። ወደ ጎሮ ሲጠጉ መንገድ ዳር የተተከለው ይቀራል፣ የሱቅ ብቻ ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ግራና ቀኝ ጨለማ ነው፤ ፊት ለፊት ኮንዶሚኒየሞቹ በየመስኮታቸው፣ አንዱ ቢጫ፣ አንዱ ነጭ፣ አንዱ የጠፋ። እኛ በቀን ነው የሄድነው፤ ይህን ያየሁት ስንመለስ ነው።

አራተኛ ፎቅ። ሊፍት የለም። እትዬ በር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፣ በነጭ ቀሚስ፣ ሌሊቱን ቤተ ክርስቲያን አድረው ዓይናቸው ቀልቷል። እህቴን ደጋግመው ሳሟት። እኔን ደግሞ ከላይ እስከ ታች አዩኝና «ከሳህ» አሉኝ። በቃ፣ ወቀሳው ይኸው ነበር።

ቤቱ ጥሩ ነው፣ ራሳቸውም ይላሉ። የራሳቸው ሽንት ቤት፣ የራሳቸው ቧንቧ፣ ጣራው አያፈስም። «ቤቱስ ቤት ነው፤ ሰዉ ነው የተበተነብኝ» አሉ። የካዛንቺስ ቡና ጠጪዎቻቸው አንዷ አቃቂ፣ አንዷ ለሚ ኩራ፣ አንዷ እህቷ ዘንድ ገብታለች። ጉልበታቸው ደረጃውን ስለማይወደው የሚወጡት ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው።

ምሳ ቀረበ። አንዱ ዶሮ ወጥ የቤቱ ነው። ሁለተኛው በሌላ ትንሽ ድስት መጣ። እጀታዋ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት ድስት። ወዲያው አወቅኋት።

ለከተማ ልጆች ማስረዳት ካስፈለገ፣ እኛ አገር ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፣ ሙስሊም ያረደውን ክርስቲያን አይበላም። አብሮ የኖረ ሰው ግን ዘዴ አለው። ካዛንቺስ እያለን እትዬ በየበዓሉ ለእኔ ለብቻዬ አንድ ዶሮ ሙስሊም ጎረቤት ያሳርዱና በዚያች ድስት ይሠሩልኛል። ከሌላው እንዳትቀላቀል ነው ቀይ ክሩ። ድስቷ ስም አላት፣ «የወሎዬው» ትባላለች። አሁን ደግሞ ሁለተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሙስሊም አባወራ ጠርተው አሳርደዋል።

ሰፈር ሲነሣ ሰው ብዙ ዕቃ ይጥላል። አልጋ ተሽጧል፣ ቁም ሣጥን ደረጃ አልወጣ ብሎ ለጎረቤት ቀርቷል። ያቺ ድስት ግን ከካዛንቺስ አራብሳ መጥታ፣ አራት ፎቅ ወጥታ፣ ክሯ ሳይፈታ አንድ ዓመት ከምናምን መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። እኔ ደግሞ ከሲኤምሲ አራብሳ መምጣት አቅቶኛል።

መብላት አልቻልኩም ብል ውሸት ነው። በላሁ። ሁለቴ ተጨመረልኝ። ግን ቀና ብዬ እትዬን ማየት ከበደኝ።

ጥግ ላይ ትንሽ የላስቲክ ዛፍ አለች። ክሩ ተጠምጥሟል፣ ግማሹ አይበራም። «ከመጣሁ ወዲህ እንዲህ ነው፣ ተወው» አሉ። ቢያንስ ይህችን ላስተካክል ብዬ ተነሣሁ። እነዚህ ርካሽ ክሮች በምድብ የተከፋፈሉ ናቸው። በአንድ ምድብ ያሉት አምፖሎች በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ አንዷ ከተቋረጠች ምድቡ በሙሉ ይጠፋል። አምፖሎቹ ደህና ሆነው ጥፋቱ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሊሆን ይችላል። ከሶኬት ነቀልኩት። እህቴ የስልኳን መብራት ያዘችልኝ፣ እያንዳንዷን በጣት እየዳበስኩ ሄድኩ። 17ኛዋ ሥር ሽቦው ወጥቷል። ልጬ ጠመዘዝኩት፣ በፕላስተር ጠቀለልኩት፣ ሰካሁት።

እትዬ እንደ ሕፃን «መጣ!» አሉ።

እህቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከሚሴ ውስጥ ብቻ የሚባል ይመስለኝ ነበር።

ቡና እየተፈላ እትዬ እህቴን ጠየቋት። «ወዴት ነሽ አሁን?»

«ሳዑዲ።»

እኔ ስብከቱ ሊጀምር ነው ብዬ ተመቻቸሁ፤ አጋዥ አገኘሁ ብዬ። እትዬ ግን አልሰበኩም። ሲኒውን እያለቀለቁ፣ ገበያ ስለመሄድ እንደሚጠይቅ ሰው ጠየቋት። «ማን ቤት ነው የምትገቢው? ስንት ሰው ነው ቤቱ? ሌሊት የምትተኚበት የራስሽ ክፍል አለ? ስልክሽን አይቀሙሽም? ብታመሚ ማን ያሳክምሻል? ውሉን ማን አነበበልሽ?»

እህቴ ለአንዱም መልስ አልሰጠችም። እኔን አየችኝ።

እኔ ከእነዚህ ጥያቄዎች አንዱን አልጠየቅኋትም ነበር። በሦስት ቀን ውስጥ የጠየቅኋት «ያምራል አይደል?» ብቻ ነው።

«ወንድምሽ አለ አይደል፣» አሉ እትዬ፣ «ሲያነብ የሚያድር ሰው ነው። እሱ ያንብብልሽ።»

ከአራብሳ ስንወጣ አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል። የበዓል ማታ ነው፣ ታክሲ የለም ማለት ይቻላል። ስልክ እያበራን እስከ ዋናው መንገድ በእግር ወረድን። ወደ ኋላ ዞር ስል አራተኛ ፎቅ ላይ ያቺ ዛፍ ትታያለች፣ ሁሉም ምድብ እየበራ። በረንዳው ላይ የሚበራውም አምፖል አልጠፋም። መድረሳችንን ደውለን እስክንነግራቸው እንደማይጠፋ አውቃለሁ።

መገናኛ ስንወርድ ወደ ሲኤምሲ የሚሄድ ታክሲ መጠበቅ ነበረብን። አዲሱ የእግረኛ መንገድ ላይ አግዳሚ ወንበር አግኝተን ተቀመጥን። ከላያችን ረጅም ምሰሶ፣ ነጭ መብራት፣ ጥላ የማያስቀር። እህቴ ሦስት ቀን ትከሻዋ ላይ የነበረውን ቦርሳ ጭኗ ላይ አድርጋ ከፈተችው። የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አራት ገጽ፤ ግራው ዓረብኛ፣ ቀኙ አማርኛ።

«እሑድ ስመጣ ልሰጥህ ነበር» አለች። «ላምበረት ላይ። ከዚያ አንተ መብራት መብራት ስትል...»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደስ ብሎህ ነበራ።»

ወረቀቱን ተቀበልኳት። ሥራዬ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ስነግር «ኮምፒውተርን አዛለሁ» እላለሁ፤ እውነቱ ግን ቀኑን ሙሉ የማደርገው «ይሄ ባይሠራስ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ኔትወርክ ቢቋረጥስ? ተጠቃሚው ሁለቴ ቢጫንስ? ክፍያው ግማሽ መንገድ ላይ ቢቀርስ? ለማላውቀው ሰው አፕሊኬሽን ይህን ሁሉ እጠይቃለሁ። ለእህቴ ግን ሠንጠረዥ ሠርቼ ነጥብ እየሰጠሁ ነበር።

ከአንደኛው አንቀጽ ጀመርኩ። ጮክ ብዬ አነበብኩላት። የውሉ ዘመን 2 ዓመት። ደመወዝ በወር 1,000 ሪያል። የሥራ ዓይነት የቤት ውስጥ ሥራ። ያልገባትን ታስቆመኛለች፣ ያልገባኝን እስክሪብቶ አውጥቼ አሰምርበታለሁ። «ተመጣጣኝ ዕረፍት» ይላል፤ ስንት ሰዓት? አሰመርኩ። የመመለሻ ትኬት አሠሪው ይችላል ይላል፤ ውሉ ሳያልቅ ብትመለስስ? አሰመርኩ። ፓስፖርቱ ማን ዘንድ ይቀመጣል? ምንም አይልም። ዳር ላይ ጻፍኩ። አራተኛው ገጽ ስንደርስ 11 ጥያቄ ሆኗል። ሐሙስ ጠዋት አብረን ኤጀንሲው ጋ ሄደን አንድ በአንድ እንጠይቃለን ተባባልን።

«አትሂጂ» አላልኳትም። ለማለት ምን መብት እንዳለኝም አላውቅም። ከሲኤምሲ አራብሳ ያልሄደ ሰው ስለ ሩቅ አገር ምን ይመክራል? ደግሞ «ከዚያስ?» ያለችው ጥያቄ አሁንም መልስ የለውም። ልትሄድ ትችላለች። ልትቀርም ትችላለች። የትኛውም ቢሆን ግን ወረቀቱን ብቻዋን አትፈርምም።

ካነበብን በኋላ ስልኳን አወጣችና ለእናቴ የድምፅ መልእክት መቅዳት ጀመረች። አንቀጾቹን አንድ በአንድ ወደ ኦሮምኛ እየመለሰች፣ «ይሄንን ተረድተናል፣ ይሄንን ሐሙስ እንጠይቃለን» እያለች። «ተረድተናል» ነው ያለችው። መሐል ላይ አንድ ቃል ጠፋባትና ወረቀቱን መልሳ ቀና አደረገችው።

ታክሲ መጥቶ ረዳቱ «ሲኤምሲ! ሲኤምሲ!» እያለ ይጣራል። አልተነሣንም። መብራቱ ለማንበብ በደንብ ይበቃ ነበር።